ሰውነት ሲያሳብቅ፦ ስፖርተኛ ቀጣይ እርምጃውን ለተጋጣሚው ሳያውቀው የሚነግረው እንዴት ነው?

ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ግንባታ ገና ያልደረሰበት አንድ ሜዳ አለ። ቅዳሜ ጠዋት የአካባቢው ልጆች ሁለት ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ግብ ይሠሩና ይጫወታሉ፤ ጨዋታው በእኩል ውጤት ካለቀ ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት፣ እነሱ ሪጎሬ በሚሉት፣ ይለያያሉ። አንድ ቀን 13 ዓመት የሚሆነው ግብ ጠባቂ ከአምስት ምቶች ሦስቱን ሲያድን አየሁ። ዳር ቆመው ከሚመለከቱት ሰዎች አንዱ «ዕድለኛ ልጅ ነው» አለ፤ ሌላው «የለም፣ እጁ ፈጣን ነው» ሲል መለሰለት። ጨዋታው ካበቃ በኋላ ልጁን ራሱን ጠየቅኩት። አቧራውን ከጉልበቱ ላይ እያራገፈ «ኳሷን አይደለም የማየው ጋሼ፤ የቆመችውን እግር ነው። እሷ ወደዞረችበት ነው ኳሷ የምትሄደው» አለኝ።

ልጁ የነገረኝ ነገር የስፖርት ተመራማሪዎች በብዙ ሙከራ ካረጋገጡት ጋር አንድ ነው። ጎበዝ ተከላካይ፣ ጎበዝ ግብ ጠባቂ ወይም ጎበዝ ቦክሰኛ ከሌላው የሚለየው በአብዛኛው ዓይኑ ወይም እጁ ፈጥኖ ስለሚንቀሳቀስ አይደለም፤ ተጋጣሚው ሊያደርግ ያሰበውን፣ ሳያደርገው በፊት፣ ከሰውነቱ ላይ ስለሚያነብ ነው። ይህ ጉዳይ በእኛ አገር ሜዳዎች ላይ ብዙ ጊዜ «ገመተ»፣ «ቀናው»፣ «ተሰጥዖ ነው» በሚሉ ቃላት ስለሚታለፍ፣ እንዴት እንደሚሠራ ከሥሩ ማየት ተገቢ ነው።

ማሳበቅ ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ፊቱ ያሳብቃል» ስንል ሰውየው በአፉ ያልተናገረውን ፊቱ ተናገረበት ማለታችን ነው። በስፖርትም እንዲሁ ነው። ማሳበቅ ማለት ስፖርተኛው ሳያስበውና ሳይፈልገው፣ አቋቋሙ፣ ትከሻው፣ ወገቡ፣ አተነፋፈሱ ወይም አንድ የቆየ ልማዱ ቀጥሎ የሚያደርገውን አስቀድሞ ሲገልጥ ነው። ይህን ምልክት አይቶ መረዳትን ደግሞ ማንበብ እንለዋለን፤ የእግር ኳስ ተንታኞች «ጨዋታውን አነበበው» ሲሉ ከሚያነሡት ሐሳብ ጋር የሚዛመድ ነው።

ሁለቱን ቃላት ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ስፖርተኛ፣ የዓለም ሻምፒዮኑም ጭምር፣ ያሳብቃልና። ልዩነቱ የሚፈጠረው ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ማንበብ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ ነው።

ፈጣን መሆን ብቻውን ለምን አይበቃም?

ስሌቱን በፍጹም ቅጣት ምት እንየው። ኳሱ የሚመታው ከግብ መስመሩ 11 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ነው፤ ግቡ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት አለው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የተመታ ኳስ ይህን 11 ሜትር የሚያቋርጠው በ0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። የሰው ልጅ ደግሞ አንድን ነገር ዓይቶ ጡንቻውን ማንቀሳቀስ እስኪጀምር ድረስ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ይህ ክፍተት ልምምድ ጨርሶ የማያጠፋው የተፈጥሮ ወሰን ነው፤ የ100 ሜትር ሩጫ ደንብም የመነሻው ተኩስ ከተሰማ በኋላ 0.1 ሰከንድ ሳይሞላ የተነሣን ሯጭ ሰምቶ ሳይሆን ቀድሞ ተነሣ ብሎ የሚቆጥረው ከዚሁ በመነሣት ነው።

እንግዲህ ኳሱ ከእግር ሲነሣ ብቻ ለመወሰን የሚጠብቅ ግብ ጠባቂ የሚቀረው ከ0.2 ሰከንድ ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከግቡ መሐል ተወርውሮ ማዕዘኑ ላይ መድረስ አይቻልም። ሆኖም ግብ ጠባቂዎች ማዕዘን ላይ የተመቱ ኳሶችን ሲያድኑ እናያለን። ይህ ሊሆን የቻለው ኳሱ ሳይመታ በፊት ስለወሰኑ ነው፤ ያንን ውሳኔ ከግምት የሚለየው ነገር ደግሞ ከመቺው ሰውነት ላይ ያገኙት መረጃ ነው።

በቴኒስ፣ በቦክስና በጠረጴዛ ቴኒስም ነገሩ ይኸው ነው። ቦክሰኛ የተጋጣሚውን ጓንት ሲመጣ አይቶ ለመሸሽ ከሞከረ ብዙውን ጊዜ ይዘገያል፤ ስለዚህ አሠልጣኞች ዓይኑን ደረትና ትከሻ አካባቢ እንዲያሳርፍ ያስተምሩታል። ጓንቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ትከሻው ይንቀሳቀሳልና።

ሰውነት ዝም ማለት ያቅተዋልን?

ያቅተዋል። ለምን እንደሚያቅተው ለመረዳት አንድ ቀላል ሙከራ ቤትዎ ውስጥ ማድረግ ይችላሉ። ቀኝ ትከሻዎንና የቀኝ እግርዎን የውጭ ጠርዝ ግድግዳ ላይ ልጥፍ አድርገው ይቁሙ። ከዚያ የግራ እግርዎን ከመሬት ከፍ አድርገው ለማቆየት ይሞክሩ። እግሩ ጤነኛ ነው፣ ጡንቻውም ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አይቆይልዎትም። ግራ እግር ከመነሣቱ በፊት የሰውነት ክብደት ወደ ቀኝ እግር መዛወር አለበት፤ ክብደቱ እንዲዛወር ደግሞ ወገብና ትከሻ ትንሽ ወደ ቀኝ መጠጋት አለባቸው፤ ግድግዳው የከለከለው ያንን ጥቂት እንቅስቃሴ ነው። በየቀኑ ስንራመድ ይህን ዝግጅት ሺህ ጊዜ እናደርገዋለን፤ አንድም ጊዜ ግን አናስበውም።

እጅን ማንሣት እንኳ ያው ነው። ቆሞ ክንዱን ወደ ፊት በፍጥነት የሚያነሣ ሰው፣ የክንዱ ጡንቻ ከመሥራቱ ቀድሞ የእግሩና የጀርባው ጡንቻዎች ሥራ ይጀምራሉ። አንጎል፣ ክንዱ ሲወረወር ሰውነቱ ሚዛኑን እንዳይስት፣ ከታች ያለውን መሠረት አስቀድሞ ያጠነክራል። ይህን የሶቭየት ኅብረት ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለክተው አሳይተዋል።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ኳስ ይዞ ወደ ቀኝ ሊያልፍ ያሰበ አጥቂ መሬቱን በግራ እግሩ መግፋት ግዴታው ነው፤ በግራ እግሩ ለመግፋት ደግሞ ክብደቱን እዚያ ላይ መጣል፣ ጉልበቱን ማጠፍና ወገቡን ዝቅ ማድረግ አለበት። በቀኝ እግሩ ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታ ተጫዋች ግራ እግሩን ከኳሱ አጠገብ ይተክላል። ይህንን የሚተከለውን እግር የድጋፍ እግር እንበለው። ሰውነቱ የሚሽከረከረው በዚህ እግር ላይ ስለሆነ፣ የድጋፍ እግሩ ጣቶች ያመለከቱበት አቅጣጫና ኳሱ የሚሄድበት አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ይቀራረባሉ። የሜዳው ልጅ ያየው ይህንን ነው።

ከአያት ወደ ሰፈራችን በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይህን ጉዳይ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። አንዳንድ ሾፌር ወደ ዳር ሊወጣ ሲል ፍሬቻ ያበራል፤ አንዳንዱ ሳያበራ ይወጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ አብርቶት ሳያጠፋው ቀጥታ ይሄዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ የኖረ ሰው ፍሬቻውን ከማመን ይልቅ የፊት ጎማውን ያያል። ፍሬቻ ሊያሳስት ይችላል፤ ጎማ ሳይዞር ግን መኪና አይዞርም። በስፖርተኛ ሰውነት ላይም ፍሬቻና ጎማ አሉ፤ ዓይን፣ ራስና እጅ ፍሬቻ ናቸው፤ ወገብና የድጋፍ እግር ጎማ ናቸው።

ጎበዝ አንባቢ የሚያየው የቱን ነው?

ተመራማሪዎች ይህን ለማወቅ የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነው። አንድን ምት በፊልም ይቀርጹና ኳሱ ከመመታቱ በፊት በተለያየ ቅጽበት ላይ ፊልሙን ይቆርጡታል፤ ከዚያም ተመልካቹን «ኳሱ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁታል። ጀማሪው የሚመልሰው በግምት ነው። የተካነው ግን ኳሱ ሳይነካ በፊት፣ በግምት ከሚገኘው በላይ፣ ደጋግሞ ትክክል ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በባድሚንተን ተጫዋቾች ላይ የታተመ ጥናት የት እንደሚያዩም አሳይቷል። ከፊልሙ ላይ የመቺው ክንድ እንዳይታይ ሲሸፈን የተካኑት ተጫዋቾች ትንበያ ተዳከመ፤ ጀማሪዎቹ ግን ከመጀመሪያውም የሚያዩት ራኬቱን ብቻ ስለነበር ምንም አልጎደለባቸውም። ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው፤ ክንዱ የሚንቀሳቀሰው ከራኬቱ ቀድሞ ነውና፣ ክንዱን ማንበብ የቻለ ሰው ጊዜ አተረፈ ማለት ነው። በእግር ኳስ ግብ ጠባቂዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናትም የተካኑት ዓይናቸውን ወደ መቺው እግር፣ ወደ ድጋፍ እግሩና ወደ ኳሱ አካባቢ ሲያሳርፉ፣ ጀማሪዎቹ ግን በደረት፣ በክንድና በወገብ ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፉ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢው «ወገብ ጎማ ነው ብለህ አልነበረም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ በሰዓቱ ላይ ነው። መቺው ገና እየሮጠ ሳለ ወገቡ ብዙ አይናገርም፤ በመጨረሻው እርምጃ ላይ ግን የድጋፍ እግሩና የወገቡ አዟዟር አብረው ነገሩን ይገልጣሉ። የተካነ ግብ ጠባቂ የትኛውን ምልክት በየትኛው ቅጽበት ማየት እንዳለበት ያውቃል፤ እስከዚያው ድረስም አይጣደፍም።

ሌላው የሚገርም ግኝት ምልክቱን ለማንበብ ሙሉ አካሉን ማየት እንኳ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። ጉናር ዮሃንሰን የተባለው ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ሥራ በሰዎች መገጣጠሚያዎች ላይ ትናንሽ መብራቶችን አድርጎ በጨለማ ውስጥ ሲንቀሳቀሱ ቀርጿቸው ነበር። ተመልካቾቹ ያዩት ጥቂት ነጠብጣብ ብርሃን ብቻ ነው፤ ነጠብጣቦቹ ሲንቀሳቀሱ ግን የሚራመድ ሰው እንደሆነ ወዲያው ለዩ። ዓይናችን የመገጣጠሚያዎችን እንቅስቃሴ አያይዞ ለመረዳት የተሠራ ይመስላል፤ ስፖርተኛው ያንን የሁላችንንም ችሎታ በአንድ ጠባብ ጉዳይ ላይ ስሎታል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የጣሊያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሥራ ደግሞ ማየት ብቻውን እንደማይበቃ ይጠቁማል። የቅርጫት ኳስ ቅጣት ውርወራ የሚያሳይ ፊልም ለተጫዋቾች፣ ለአሠልጣኞችና ለስፖርት ጋዜጠኞች አሳዩ። አሠልጣኞችና ጋዜጠኞች ብዙ ሺህ ውርወራ አይተዋል፤ ነገር ግን ኳሱ ከእጅ ሳይወጣ በፊት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን በተሻለ የለዩት ተጫዋቾቹ ነበሩ። ያንን እንቅስቃሴ በራስ ሰውነት ማድረግ መቻል በሌላው ሰውነት ላይ ለማንበብ ይረዳል ማለት ነው።

ልማድስ ያሳብቃል?

እስከ አሁን ያየነው ሰውነት ግድ ሆኖበት የሚያሳየውን ነው። ለእንቅስቃሴው ምንም የማያስፈልጉ፣ ግን ከልማድ የተነሣ አብረው የሚመጡ ምልክቶችም አሉ፤ እነዚህ ይበልጥ አደገኛ ናቸው፤ ባለቤቱ መኖራቸውን እንኳ አያውቅምና።

በጣም የታወቀው ምሳሌ የቴኒሱ ቦሪስ ቤከር ነው። አንድሬ አጋሲ ከቤከር ጋር በተገናኘባቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፈ። ከዚያ የቤከርን ጨዋታዎች በቪዲዮ ደጋግሞ ሲያይ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ቤከር ሰርቪስ፣ ማለትም ጨዋታ የሚያስጀምረውን ምት፣ ሊመታ ሲል ምላሱን ያወጣል፤ ምላሱ የከንፈሩ መሐል ላይ ከሆነ ኳሱ ወደ መሐል ወይም ወደ ሰውነት ይመጣል፤ ወደ ጎን ከሆነ ደግሞ ወደ ዳር ይሄዳል። አጋሲ ራሱ እንደተናገረው አስቸጋሪው ነገር ሰርቪሱን መመለስ ሳይሆን፣ ቤከር ምስጢሩ መታወቁን እንዳይጠረጥር መጠንቀቅ ነበር። ስለዚህ ዕውቀቱን በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ አልተጠቀመበትም፤ ወሳኝ ለሆኑት ነጥቦች አስቀመጠው። የሁለቱ አጠቃላይ ውጤት በአጋሲ 10 ለ 4 የበላይነት ተዘጋ፤ ቤከርም ነገሩን የሰማው ሁለቱም ከውድድር ከወጡ በኋላ ነው።

የተደጋገመ ምርጫም እንዲሁ ያሳብቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ጀርመንና አርጀንቲና 1 ለ 1 ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሲሄዱ፣ የጀርመኑ ግብ ጠባቂ የንስ ሌማን የአርጀንቲና መቺዎች ብዙ ጊዜ ወዴት እንደሚመቱ የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ካልሲው ውስጥ ይዞ ነበር። የሮቤርቶ አያላን ምት አዳነ። የመጨረሻው መቺ ኤስቴባን ካምቢያሶ ወደ ኳሱ ሲጠጋ ሌማን ወረቀቱን አውጥቶ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተው፤ የካምቢያሶ ስም ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ካምቢያሶ ያንን ሊያውቅ አይችልም። ሌማን ምቱን አዳነ፤ ጀርመንም 4 ለ 2 አለፈች። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ማንበብ በሁለት በኩል የሚሄድ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው፤ መቺውም ግብ ጠባቂውን ያነባል። ቀድሞ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ግብ ጠባቂ ባዶውን ወገን ለመቺው ነገረው ማለት ነው። ሆኖም መቺው ሐሳቡን ለመቀየር ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ከምቱ በፊት ግማሽ ሰከንድ ያህል ካልቀረው እግሩ የጀመረውን ከመጨረስ በቀር አማራጭ የለውም።

በሩጫስ ምን ይነበባል?

በረጅም ርቀት ሩጫ ኳስም ጓንትም የለም፤ የሚነበበው የቀረው ጉልበትና የመፈትለኪያው ሰዓት ነው። በሰንዳፋ መንገድ ማለዳ የሄደ ሰው ሯጮች በቡድን ሆነው፣ ሚኒባሳቸው ከኋላ እየተከተላቸው፣ አስፋልቱን ዳር ይዘው ሲያልፉ ያያል። አካባቢው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ትንፋሽም ገና ከሩቅ ይሰማል። አንድ ጊዜ ልምምዱን ጨርሶ ላቡን የሚያደርቅ አንጋፋ ሯጭ አጠገቤ ቆሞ ሳለ፣ አብሮት የሚሮጠው ልጅ እንደደከመ በምን እንደሚያውቅ ጠየቅኩት። «ዘወር ብዬ አላየውም» አለኝ፤ «እሰማዋለሁ። ትንፋሹ ከእርምጃው ጋር አልስማማ ሲል፣ ኮቴውም መሬቱን ሲመታ ድምፁ ሲከብድ፣ ያኔ ዙሩን አከረዋለሁ።»

ይህ አነጋገር የሰውነት ሥራ ማብራሪያ አለው። ሯጩ ሊቋቋመው ከሚችለው ፍጥነት በላይ ሲገፋ ሰውነቱ የሚያመርተውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስወጣት ትንፋሹ ከፍጥነቱ ጭማሪ በላይ ይበዛል፤ ይህ በፈቃድ ለረጅም ጊዜ የሚታፈን አይደለም። ጡንቻ ሲዝል ደግሞ ሌሎች ጡንቻዎች ሊያግዙት ይገባሉ፤ ትከሻ ወደ ጆሮ ከፍ ይላል፣ ራስ ይወዛወዛል፣ እግር መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ፊቱን ፍጹም ያረጋጋ ሯጭ እንኳ ትከሻውን ለመደበቅ ይቸገራል።

ሊፈተለክ ያሰበ ሯጭም ያሳብቃል። በትራክ ላይ ውስጠኛውን መስመር ይዞ የሚሮጥ ሰው ከፊቱና ከጎኑ በሌሎች ሊከበብ ይችላል፤ ስለዚህ ለመፈትለክ ሲዘጋጅ አስቀድሞ ወደ ሁለተኛው መስመር ወጣ ማለት ይኖርበታል። ያቺ አንዲት እርምጃ ከወሬ ሁሉ በላይ ትናገራለች። ወደ ኋላ መዞርም እንዲሁ ነው፤ መሪው ዘወር ብሎ ሲያይ ከኋላ ያለው ሰው ስጋት እንዳለ ይረዳል፤ ለዚህም ነው አሠልጣኞች ትራክ ላይ ወደ ኋላ ማየትን አጥብቀው የሚከለክሉት።

ይሁንና ማንበብ ማሸነፍ ማለት አይደለም፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያስረዳው ምሩጽ ይፍጠር ነው። ማርሽ ቀያሪው የተባለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ሜትር ያሸነፈው 300 ሜትር ያህል ሲቀር በድንገት ፍጥነቱን ቀይሮ ነው። ተወዳዳሪዎቹ እንደሚፈተለክ ያውቁ ነበር። በ10,000 ሜትር የተጠቀመበትን ስልት ከቀናት በኋላ በ5,000 ሜትር ደገመው፤ ሊመልሱለት ግን አልቻሉም። ምልክት ማወቅ የሚጠቅመው ለምልክቱ ምላሽ የሚሆን አቅም ሲኖር ነው።

ኬንያዊው ፖል ቴርጋት የመረጠው መንገድ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመጨረሻው ዙር የማይበገር መሆኑን ያውቃልና፣ 250 ሜትር ገደማ ሲቀር በሙሉ ኃይሉ ተፈተለከ። ኃይሌ ወዲያው ምላሽ ሰጠ፤ ሆኖም ክፍተቱን የዘጋው መጨረሻው መስመር አጠገብ ነው። ኃይሌ በ27:18.20 ለ 27:18.29 አሸነፈ፤ ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት እንኳ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ከ27 ደቂቃ ሩጫ በኋላ ውጤቱን የወሰነው ያቺ የሰከንድ ስባሪ ከሆነች፣ ተቀናቃኙ ሲነሣ አፍታ ዘግይቶ ያነበበ ሯጭ ምን ሊያጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ለምን አይደብቁትም?

ይሞክራሉ። ነገር ግን መደበቅ ዋጋ አለው። የድጋፍ እግሩን ሆን ብሎ በሌላ አቅጣጫ የሚተክል መቺ ከጎማው ተቃራኒ እንደሚሄድ መኪና ነው፤ ምቱ ይዳከማል ወይም ይስታል። የገዛ እንቅስቃሴውን እየተከታተለ «እግሬ ምን እያሳየ ነው?» ብሎ የሚያስብ ስፖርተኛም፣ ለዓመታት ያለ ሐሳብ ይሠራው የነበረው ነገር እጁ ላይ ይሰናከልበታል፤ የተለማመደ እንቅስቃሴ በንቃት ሲቆጣጠሩት እንደሚበላሽ በብዙ ሙከራ ታይቷል።

ስለዚህ የበቁት ስፖርተኞች የሚመርጡት ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ማዘግየት ነው፤ ሁሉንም ምት በአንድ ዓይነት አጀማመር ጀምሮ፣ የሚለየውን ነገር ወደ መጨረሻው ቅጽበት መግፋት። ጎበዝ የቴኒስ ተጫዋች ኳሱን ወደ ላይ የሚወረውረው ወደ መሐልም ሆነ ወደ ዳር ሲመታ ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ልዩነቱ የሚጀምረው ተቀባዩ ሊጠቀምበት በማይችልበት ሰዓት ነው። ሌላው ፍሬቻውን ማሳሳት ነው፤ በዓይን አንድ ወገን አይቶ ወደ ሌላው ማቀበል፣ ትከሻን ወደ ግራ ጥሎ ወደ ቀኝ መሄድ። በፍጹም ቅጣት ምት ላይ ደንቡ ለዚህ ወሰን አበጅቷል፤ መቺው በሩጫው መሐል ሊያታልል ይችላል፤ ሩጫውን ጨርሶ ኳሱ ጋር ከደረሰ በኋላ ግን ማታለል ጥፋት ነው። ግብ ጠባቂውም በበኩሉ ኳሱ ሲመታ ቢያንስ የአንድ እግሩ ክፍል የግብ መስመሩ ላይ፣ ከመስመሩ ትይዩ ወይም ከመስመሩ ኋላ መሆን አለበት።

ማታለል በሁሉም ላይ እኩል አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2006 በራግቢ ተጫዋቾች ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በሐሰት እንቅስቃሴ በብዛት የሚሳሳቱት ልምድ የሌላቸው ናቸው፤ የተካኑት ብዙም አልተታለሉም። ጀማሪው ፍሬቻውን አምኖ ይዘላል፤ የተካነው ጎማውን ይጠብቃል።

ይህ ችሎታ ይለመዳልን?

አዎ፤ ለዚህም ጥሩ ማስረጃው ታላላቅ ስፖርተኞች ችሎታቸውን የሚያጡበት አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የቤዝቦል ሊግ ምርጥ መቺዎች፣ አልበርት ፑሆልስን ጨምሮ፣ የቤዝቦል ቅርብ ዘመድ በሆነው የሶፍትቦል ጨዋታ ኳስ ወርዋሪ ከሆነችው ጄኒ ፊንች ፊት ቆመው ኳሷን መምታት አቃታቸው። ኳሱ ወደ እነሱ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከለመዱት የተለየ አልነበረም። የተለየው ውርወራዋ ነው፤ ከትከሻ በላይ ሳይሆን ከወገብ በታች ትወረውራለች። የትከሻና የክርን ምልክት ለዓመታት ሲያነቡ የኖሩት ዓይኖች የማያውቁትን ቋንቋ አዩ። ዓይናቸው በተፈጥሮ ፈጣን ቢሆን ኖሮ አወራወሩ ባልከለከላቸው ነበር።

በተቃራኒው፣ የሚያውቁትን ቋንቋ ካገኙ ጨለማም አይከለክላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ለካሜራ በተደረገ አንድ ሙከራ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ኳስ ሲሻማለት ገና ከመቺው እግር እንደተነሣ መብራቱ ጠፋ፤ እሱ ግን በጨለማው ውስጥ ኳሱ ሊመጣበት ወደሚችልበት ደርሶ ግብ አስቆጠረ። የተመለከተው የመቺውን ሰውነት ብቻ ነበር።

በየካ አባዶው ሜዳ ይህን በስልክ ሞክረነዋል። ከግቡ ጀርባ ሆኜ የልጆቹን ምቶች ቀረጽኩ፤ ከዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠን እያንዳንዱን ምት እግር ኳሱን ከመንካቱ በፊት አቆምኩትና «ወዴት?» አልኳቸው። መጀመሪያ ላይ ይጮኹ የነበረው እየተቃረኑ ነው፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ግን አብዛኞቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁሙ ጀመር፤ ምስሉ ሲቀጥልም ኳሱ ብዙ ጊዜ ወደዚያው ሄደ። ለዚህ ዓይነት ልምምድ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና ትዕግሥት ብቻ ነው፤ ጫማና ሜዳ በማይበቃባቸው ሰፈሮች ያሉ አሠልጣኞች በቀላሉ ሊጨምሩት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ።

ከሳምንታት በኋላ ወደ ሜዳው ስመለስ ጓደኞቹ የግብ ጠባቂውን ምስጢር ሰምተው ነበር። አንዱ መቺ የድጋፍ እግሩን ወደ ግራ አዙሮ ተክሎ ወደ ቀኝ መታ። ኳሱ ተልፈስፍሶ መሐል ላይ ደረሰ፤ ልጁም ቆሞ ያዘው። «እግሩ ወደ ግራ ነበር» አልኩት። «አዎ ጋሼ» አለኝ፤ «ወገቡ ግን አልዞረም።»